ክሎሮሲስ ምንድን ነው? ምስማሩን ከመቅበራችሁ በፊት

«ቢጫ ከሆነ ክሎሮሲስ ነው፤ ብረት አጥሮታል። የዛገ ምስማር ሥሩ ላይ ቅበሩበት።» ቅጠሉ የገረጣ ጋርዴኒያ (ነጭ አበባ ያለው የግቢ ተክል) በታየ ቁጥር ይህን የሚል ሰው አይጠፋም።

ክሎሮሲስ የበሽታ ስም አይደለም። ቅጠሉ አረንጓዴ ቀለሙን አጥቷል ማለት ብቻ ነው፤ ምን እንዳሳጣው ገና አልተነገረም። ለማወቅ ቢጫው ከየት እንደጀመረ ማየት ይቀድማል። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ የሚጠረጠረው የናይትሮጂን እጥረት ነው፤ በአሮጌው ቅጠል ጅማቶች መካከል ከሆነ የማግኒዥየም። ብረት ሲያጥር ግን የሚገረጣው ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ነው፦ ገላው ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ እንደ ቀጭን መረብ አረንጓዴ ይቀራሉ፣ ሲብስበት ይነጣል። ተክሉ ናይትሮጂንና ማግኒዥየም ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ያሻግራል፤ ብረትን ግን እምብዛም አያሻግርም። (የማንጋኒዝ እጥረትም ለጋው ላይ ነው የሚታየው፤ በጅማቶቹ ዳር የሚቀረው አረንጓዴ ሰፋ ይላል። በፎቶ ብቻ ለመለየት የሚደፍር ካለ አትመኑት።)

እሺ፣ ለጋው ነው እንበል። አሁንም «ብረት የለም» ማለት አይደለም። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በብረት ነው! ጎተራው ሙሉ ነው፤ የተቆለፈ ግን ነው። ቁልፉ ፒኤች (የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ነው፤ ከ7 በላይ ሲወጣ ብረቱ ሥር በማይስበው መልክ ይቀመጣል። ምስማር መቅበር በተቆለፈ ጎተራ ላይ ጤፍ መጨመር ነው፤ ዝገቱም ያው እዚያው የተቆለፈው ዓይነት ብረት ነው። በአዲስ ግቢ ቆላፊው ብዙ ጊዜ ግንባታው ነው፦ የተረፈ ሲሚንቶ፣ ኖራና የልስን ፍርስራሽ አጥር ሥር ይቀበርና ከ5 እስከ 6 ፒኤች የሚወደው ጋርዴኒያ በላዩ ይተከላል። አንዳንዴ ደግሞ ጎተራው ክፍት ሆኖ ሄዶ የሚያመጣ ይጠፋል፦ ክረምት ላይ መረሬ አፈር ውሃ ቋጥሮ ሲሰነብት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የውሃ መውረጃ ቦይ እንጂ ብረት አይደለም።

ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ሥሩ ጠቁሮ ከላላና ከሸተተ ጥፋቱ የውሃ ነው። ከወጣው አፈር ጭብጥ አድርቃችሁ አቼቶ አንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። አረፋ አለማውጣቱ ግን ፒኤቹ ዝቅተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ኖራ ካለ ፍርስራሹን አውጡ። የብረት ሰልፌት እንዲህ ያለ አፈር ላይ ቢበተን ቶሎ ይቆለፋል፤ 5 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ ወደ ማምሻ ቅጠሉ ላይ መርጨት ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩት፣ ያቃጥላልና። ለአፈር ከሆነ ቼሌት የተባለውን፣ ብረቱ እንዳይቆለፍ በሌላ ውህድ የታቀፈበትን፣ ግዙ፤ ዓይነቱንም ጠይቁ። ኢዲቲኤ ፒኤቹ ከ6.5 ገደማ ካለፈ ብረቱን ይለቃል፤ ኢዲዲኤችኤ ግን ኖራማ አፈር ላይም ይሠራል።

ቅጠል ላብራቶሪ ለምትልኩ፦ የገረጣ ቅጠል ጠቅላላ ብረቱ ከጤነኛው እኩል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ብረቱ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶም ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራልና። በቁጥሩ ብቻ «ብረት አላጠረውም» አትበሉ።

መዳኑን ከመድኃኒቱ በኋላ በሚወጣው ለጋ ለኩ። ስትረጩ ደግሞ ነጭ ግድግዳውንና እብነበረዱን ሸፍኑ፤ የሰልፌቱ የዝገት እድፍ በቀላሉ አይለቅም።