የጉበት ካንሰርን ከውስጥም ከውጭም በጨረር ማከም

ጉበት ብዙ ጨረር አይችልም። ሙሉ ጉበት ላይ ከ30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ በላይ ከተለቀቀ ራሱ ጉበቱ መድከም ይጀምራል። ዕጢውን ለመግደል የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። በዚህ የተነሳ ጨረር በጉበት ካንሰር ሕክምና ውስጥ ለብዙ ዓመታት እዚህ ግባ የሚባል ቦታ አልነበረውም። አሁን ግን በሁለት በር ገብቷል። አንደኛው ጨረሩን በደም ሥር አድርጎ ዕጢው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሌላኛው ከሰውነት ውጭ ካለ ማሽን ማነጣጠር ነው። ሁለቱን አንድ ታካሚ ላይ አከታትሎ መጠቀም የውስጥና የውጭ ጨረር ጥምር ሕክምና ይባላል።

አማራጭ መፈለጉ ያለ ምክንያት አይደለም። በጎርጎሮሳውያኑ 2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 760 ሺህ የሚጠጋ ሰው በጉበት ካንሰር ሞቷል። ብዙ ሰው በሽታው የሚታወቅለት ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

የውስጡ ጨረር የሚሠራው ጉበት ደም የሚያገኝበት መንገድ ለየት ያለ ስለሆነ ነው። ጤነኛው ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ፖርታል ቬይን ነው። ዕጢው ግን በዋናነት የሚመገበው ከጉበቱ ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው። ሐኪሙ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እዚያ ቧንቧ ድረስ ይደርሳል። ከዚያ ይትሪየም-90 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተሸከሙ የመስታወት ወይም የሬዚን ቅንጣቶችን ይለቃል። አንዷ ቅንጣት ከ20 እስከ 60 ማይክሮን ናት፤ ከራስ ፀጉር ትቀጥናለች። ዕጢው ውስጥ ባሉት ትናንሽ ሥሮች ተሰንቅራ ትቀራለች። ጨረሯ በአማካይ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ጎረቤቱን ብዙ አይነካም። ጉልበቷም በየ64 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቴክኒሺየም በተባለ በስካን በሚታይ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሙከራ ይደረጋል። ቅንጣቶቹ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጨጓራ የሚያመልጡ ከሆነ መታወቅ ያለበት ያኔ ነው።

የውጭው ጨረር በተለይ በትክክል የሚያነጣጥረው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይሰጣል። ዋናው ፈተና እስትንፋስ ነው። ሰው ሲተነፍስ ጉበት ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ወደላይና ወደታች ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ "ትንፋሽህን ያዝ" ይባላል፤ ማሽኑ ይተኩሳል፤ ይቆማል፤ እንደገና ይተነፍሳል። አንዳንዴ ሆዱ በቀበቶ ይጫናል፣ ወይም ቦታውን የሚጠቁሙ ጥቃቅን የወርቅ ምልክቶች ጉበቱ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ታዲያ ለምን ሁለቱም? ቅንጣት ደም ያልሄደበት ቦታ አትሄድም። መሃሉ የሞተ ትልቅ ዕጢ፣ ከድያፍራም በኩል ሌላ ሥር የሚመግበው ጠርዝ፣ ወይም ፖርታል ቬይን ውስጥ የገባ የዕጢ መርጋት በቂ ቅንጣት ላይደርሰው ይችላል። የውጭው ጨረር ደም መኖር አለመኖሩ አያሳስበውም። በተራው ደግሞ ጉበቱ ላይ የተበታተኑ ብዙ ዕጢዎችን ሁሉ ማሳደድ አይችልም። በመንገዱ ያለውን ጤነኛ ጉበትም ይነካል። ብዙ ጊዜ ቅንጣቶቹ ይቀድማሉ፣ የውጭው ጨረር ቀዳዳውን ይደፍናል።

ቅንጣቶቹ ያልደረሱበት ቀዳዳ የት እንዳለ የሚያሳየው ፔት ስካን የተባለው የምስል ምርመራ ነው። ጨረር እያመነጩ ከሚበተኑ አንድ ሚሊዮን የይትሪየም-90 አተሞች ወደ 32 የሚሆኑት ብቻ ለፔት የሚታይ ፖዚትሮን የተባለ ረቂቅ ቅንጣት ያመነጫሉ። ይህን ያህል ጥቂት ምልክት የጨረሩን ካርታ ለመሳል መብቃቱ እስካሁን ያስገርመኛል። ያለዚህ ካርታ ሁለተኛውን ጨረር ማቀድ በጨለማ መራመድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሁለቱ ጨረሮች መጠንም እንዲሁ አይደመርም። ቅንጣቶቹ ለቀናት ቀስ እያሉ ነው የሚሰጡት፤ ማሽኑ በደቂቃዎች ይጨርሳል። የቅንጣቶቹ ጨረር አንድ ቦታ ተከምሮ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ዶሲስፊር-01 በተባለው ጥናት ለዕጢው የታቀደው ቢያንስ 205 ግሬይ ነበር። በማሽን በ5 ጊዜ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ግሬይ ነው። ስለዚህ የፊዚክስ ባለሙያው ሁለቱንም ወደ ተመሳሳይ የሥነ ሕይወት መለኪያ ይቀይራል። ለዕጢውና ለጤነኛው ጉበት ለየብቻ ያሰላል። ቁጥሩ ከተሳሳተ የሚከፍለው ጉበቱ ነው። በጨረር የተጎዳ ጉበት የሚታወቀው ከ2 ሳምንት እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ሆድ ውሃ ሊቋጥር፣ ዓይን ቢጫ ሊሆን ይችላል። ፍቱን መድኃኒትም የለውም። በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ሳምንታት የሚጠበቀው፣ የጉበትን አቅም የሚያሳዩት ቢሊሩቢንና አልቡሚን በደም ምርመራ ደጋግሞ የሚለካው ለዚህ ነው። ጉበቱ በሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) የተዳከመ ሰው ላይ ጥንቃቄው ይበረታል።

ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ጥሩ ማስረጃ አላቸው። በዶሲስፊር-01 የቅንጣቶቹ መጠን ለእያንዳንዱ ታካሚ ተሰልቶ ሲሰጥ መካከለኛው የመኖር ጊዜ 26.6 ወር ሆኗል፤ በተለመደው ስሌት 10.7 ነበር። አርቲኦጂ 1112 የተባለው ጥናት ደግሞ ሶራፌኒብ ከተባለው መድኃኒት በፊት የውጭ ጨረር ሲሰጥ መካከለኛው የመኖር ጊዜ ከ12.3 ወደ 15.8 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ዕጢው ደም ሥራቸውን የወረረባቸው ነበሩ። ስለ ጥምሩ ያለው ማስረጃ ግን በአብዛኛው ከትናንሽ ጥናቶች የመጣ ነው። በዚህ ምክንያት ውሳኔው በአንድ ሐኪም ብቻ ሳይሆን በቡድን ቢሆን ይሻላል።

ቅንጣት የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ድካምና ማቅለሽለሽ ለጥቂት ሳምንት ሊከተለው ይችላል። ለጥቂት ቀናት ከነፍሰ ጡርና ከሕፃን ራቅ እንዲል ይመከራል። ከዚያ የክትትል ስካን ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። የሞተ ዕጢ ወዲያው አይሟሽሽም፣ መጠኑ እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ የሚያየው ስፋቱን ብቻ ሳይሆን ውስጡ አሁንም ደም እየገባ እንደሆነ ነው፤ ያም ጥርት ብሎ እስኪታይ ወራት ሊወስድ ይችላል።