«የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን» የሚለው ስም በዜናም በታሪክ ሰነድም ደጋግሞ ይመጣል። አሜሪካም፣ ህንድም፣ እስራኤልም፣ ጋናም በዚህ ስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ አይደለም፤ ብዙው ስህተት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ለብቻው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚሽን ማለት ለአንድ ጉዳይ ተቋቁሞ የሚበተን አጣሪ ነው»

ይህ ግምት ከራሳችን አነጋገር የመጣ ነው። በአማርኛ ኮሚሽን አንዳንዴ የደላላ ድርሻ፣ አንዳንዴ መርማሪ ቡድን፣ አንዳንዴም እንደ ጉምሩክ ኮሚሽን ያለ ቋሚ መሥሪያ ቤት ነው። የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን ከሦስተኛው ወገን ነው፤ በሕግ የቆመ፣ በጀትና ሠራተኛ ያለው የመንግሥት አካል።

እዚህም ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። እኛ ዘንድ «ኮሚሽነሩ» ሲባል የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። በአሜሪካው ኮሚሽን ኮሚሽነሮቹ አምስት ነበሩ፤ የሚወስኑት በድምፅ ብልጫ ነው፤ ሊቀመንበሩም ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ኮሚሽነሩ ወሰነ» ብሎ ከጻፈ ተሳስቷል። የወሰነው ኮሚሽኑ ነው።

«ኮሚሽኑ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራው ደኅንነትን ማስጠበቅ ነው»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው። የአሜሪካው ኮሚሽን የተወለደው ፕሬዚዳንት ትሩማን ኦገስት 1 ቀን 1946 በፈረሙት ሕግ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 የአቶም ቦምብ የተሠራባቸውን ሎስ አላሞስን፣ ኦክ ሪጅንና ሃንፎርድን ከጦር ሠራዊቱ ተረከበ። ቦምቡን የሚያሠራው እሱ፣ ዩራኒየሙን የሚያስበለጽገው እሱ፣ ላቦራቶሪዎቹን የሚደጉመውም እሱ ነበር። በ1954 የወጣው ሕግ የግል ኩባንያዎች የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ እንዲሠሩ በር ሲከፍት ፈቃድ ሰጪውም ያው ኮሚሽን ሆነ። እስከ 1964 ድረስ የኑክሌር ነዳጁ ራሱ የመንግሥት ንብረት ነበር። ኢንዱስትሪውን አሳድግ የተባለው አካል፣ ያንኑ ኢንዱስትሪ «ቁም!» የማለት ግዴታም ነበረበት።

ችግሩን በአንድ ጉዳይ እንየው። የማመንጫው ዋና የውኃ ቧንቧ ቢፈነዳ ማቀዝቀዣው ውኃ ይፈስሳል። የአቶም መሰንጠቁ ሂደት ይቆማል፤ ሙቀቱ ግን አይቆምም፤ በነዳጁ ውስጥ የተከማቹት ጨረራ አመንጪ ቁሶች ማሞቃቸውን ይቀጥላሉ። ሂደቱ በቆመበት ቅጽበት ይህ ትርፍ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህል ነው። 3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት በሚሰጥ ሪአክተር (አቶም የሚሰነጠቅበት የማመንጫው ክፍል) ሲሰላ ወደ 200 ሜጋ ዋት ይመጣል። የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣው ፈጥኖ ውኃ ካላደረሰ ነዳጁ መቅለጥ ይጀምራል።

ይህ ማቀዝቀዣ በእርግጥ ይሠራል ወይ? ጥያቄው ኮሚሽኑ ራሱ በ1972 በከፈተውና ከዓመት በላይ በፈጀ ይፋ የምስክርነት መድረክ ተመረመረ። የኮሚሽኑ መመዘኛ አስተማማኝ አይደለም ብለው ከተናገሩት መካከል ኮሚሽኑ ራሱ ገንዘብ በሚሰጣቸው ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩበት። ያወቁትን መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል፤ አወቃቀሩ ግን እንጀራቸውን ከሚሰጣቸው አካል ጋር ፊት ለፊት አቆማቸው።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በህንድ የአቶሚክ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ቦርድ በ1983 ቢቋቋምም ተጠሪነቱ ለአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽኑ ተደርጎ ነበር። ጃፓን ማመንጫዎቿን የሚቆጣጠረውን አካል የኑክሌር ኃይልን ከሚያስፋፋው ሚኒስቴር ያወጣችው ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ በ2012 ነው።

«በኋላ ስሙን ቀይሮ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሆነ»

አልሆነም፤ ለሁለት ተከፈለ። በ1974 በወጣ ሕግ መሠረት ጃንዋሪ 19 ቀን 1975 ፈቃድና ቁጥጥሩ ለኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተሰጠ። ላቦራቶሪው፣ ማበልጸጊያውና የጦር መሣሪያው ሥራ ለሌላ አካል ሄደና በ1977 በኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ተጠቃለለ።

ወራሹ ማን እንደሆነ የሎስ አላሞስን የቦምብ ላቦራቶሪ በመራው ሳይንቲስት በኦፐንሃይመር ጉዳይ በግልጽ ይታያል። ኮሚሽኑ ጁን 29 ቀን 1954 የዚህን ሳይንቲስት ምስጢር የማየት ፈቃድ 4 ለ1 በሆነ ድምፅ ነፈገው። ውሳኔው በዲሴምበር 2022 ሲሻር ኮሚሽኑ ከፈረሰ 47 ዓመት ሆኖታል። የሻሩት የኢነርጂ ሚኒስትሯ እንጂ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አይደለም።

«የፈረንሳዩም ኮሚሽን ነው»

ትርጉም ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። ጄኔራል ደ ጎል ኦክቶበር 18 ቀን 1945 ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት ስሙ ኮሚሳሪያ ነው፤ በድምፅ የሚወስን ጉባኤ ሳይሆን በሾመው መንግሥት ስም የሚሠራ ድርጅት። የብሪታንያው ደግሞ በ1954 ሲቋቋም «ባለሥልጣን» ተባለ። እያንዳንዱን በገዛ ስሙ መጥራት ይሻላል።

«ኮሚሽን ያለው አገር ቦምብ ይፈልጋል»

የጋና የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን በ1963 ተቋቋመ። ያለው የምርምር ሪአክተር 34 ኪሎ ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ወደ 3.75 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል የሪአክተሩ ሙቀት የዘጠኝ ምጣድ ያህል ነው። በዚህ ከተማ አይበራም፣ ቦምብም አይሠራም፤ የአፈር፣ የማዕድንና የምግብ ናሙና ይመረመርበታል። በ2017 ነዳጁ ለቦምብ ሊውል ከሚችለው በከፍተኛ ደረጃ ከበለጸገ ዩራኒየም ወደ ዝቅተኛው ተቀይሯል። ጋና ቁጥጥሩን ከኮሚሽኑ ነጥላ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሰጠችው በ2015 በወጣ ሕግ ነው፤ ጥሩ ውሳኔ ነው።

«የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ቪየና ነው ያለው»

ሁለት የተለያዩ አካላት ተቀላቅለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን በጃንዋሪ 1946 በጠቅላላ ጉባኤው የመጀመሪያ ውሳኔ ተቋቁሞ በ1952 ፈረሰ። ቪየና ያለው በ1957 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ነው፤ ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ሆናለች።

«ኮሚሽን ከተቋቋመ ማመንጫ ሊሠራ ነው»

ናይጄሪያ የኮሚሽኑን ሕግ ያወጣችው በ1976 ነው፤ ኮሚሽኑ ወደ ሥራ የገባው በ2006፤ የኑክሌር ማመንጫ ግን የላትም። በቪየናው ኤጀንሲ መመሪያ አንድ አዲስ አገር ሦስት ምዕራፎችን ያልፋል፣ 19 የመሠረተ ልማት ጉዳዮችን ያሟላል፤ ጊዜውም ከ10 እስከ 15 ዓመት ይገመታል። መመሪያው ሦስት የተለያዩ አካላትን ይጠይቃል፦ ፕሮግራሙን የሚያስተባብር፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር፣ ማመንጫውን የሚይዝና የሚያስኬድ። «ኮሚሽን» የሚለው ስም ከሦስቱ ለየትኛውም ሊሰጥ ስለሚችል የማቋቋሚያ አዋጁን ከፍቶ «ሥልጣንና ተግባር» የሚለውን አንቀጽ ማንበብ ግድ ነው። «ያስተባብራል» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ነው፤ «ፈቃድ ይሰጣል፣ ያግዳል፣ ይሰርዛል» የሚል ከሆነ ሁለተኛው። ሁለቱንም በአንድ ላይ ካገኛችሁ የአሜሪካው ስህተት እየተደገመ ነው።

ይህ ንባብ አሁን ለእኛም ያስፈልገናል፤ ኢትዮጵያ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር በኑክሌር ኃይል ጉዳይ የድርጊት መርሐ ግብር ፈርማለች። በአገራችን የቁጥጥሩ ወገን ሲጠራ የኖረው «ኮሚሽን» ተብሎ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የተቋቋመው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ነበር፤ በ2021 ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። አንድ ክሊኒክ ኤክስሬይ ሲተክል፣ ሆስፒታልም የካንሰር ሕክምና ኮባልት ሲያስገባ ፈቃድ የሚጠይቀው ከዚህ ወገን ነው።