«ልመናችሁን አስታውቁ»፦ ለፈተና ስለሚቀመጡ ልጆቻችን

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ትልቅ ፈተና ሲቃረብ ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሳይቀር እህል ያስጠላዋል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ትናንት ያጠናው ይጠፋበታል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናነሣለት ቃል ፊልጵስዩስ 4፥6 ነው፤ የምናነሣው ግን «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ብቻ ቆርጠን ነው። ልጁም ይህን ሲሰማ በፈተናው ፍርሃት ላይ «እምነቴ ጎደሎ ነው» የሚል ሌላ ሸክም ይደርብበታል። ሙሉው ቃል እንዲህ ይላል፦ «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ።» ሐዋርያው ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። የሚያስጨንቅ ነገር የለም አላለም፤ ጭንቀቱን የት እንደምናደርሰው ነገረን እንጂ።

«አስታውቁ» የሚለውን ልብ በሉት። ማስታወቅ ነገሩን በስሙ ጠርቶ መናገር ነው። «ጌታ ሆይ፣ በፈተናው እርዳኝ» መልካም ጸሎት ነው፤ የሚያስፈራው ነገር ግን ገና በስሙ አልተጠራም። ስም ያልወጣለት ስጋት አእምሮ ውስጥ ሲመላለስ ይውላል። ስናሰላና ስናነብ ነገሮችን ለአፍታ የምንይዝበት የአእምሮ ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው፤ ስጋቱ ቦታውን ሲይዝበት ልጁ የሚያውቀውን «ጠፋብኝ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ ጥናት፣ ፈተና አብዝተው የሚፈሩ ተማሪዎች ከመፈተናቸው በፊት 10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን ሲጽፉ፣ ካልጻፉት መሰሎቻቸው የተሻለ ውጤት አምጥተዋል።

ስለዚህ ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለጸሎት ይቀመጥ። «ሂሳብ አይገባኝም» አይበል፤ «ክፍልፋይ ያለበት እኩልታ ሲመጣ በምን እንደማባዛ ይምታታብኛል» ብሎ ይጻፍ። «አባቴን እንዳላሳፍር እፈራለሁ» የሚለውንም አይዝለል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር እያነበበ ይጸልይበት። እጁ የሚደርስበት የነገ ጥናት ይሆናል፤ የማይደርስበት፣ ለምሳሌ የሚወጣው ጥያቄ ዓይነት፣ ለእግዚአብሔር ተነግሮ እዚያው ይቀራል። ምስጋናውም በስም ይሁን፦ ከወር በፊት ከብደውት ዛሬ የሚሠራቸውን ሁለት ሦስት ርእሶች ይጥቀስ። «ካለፍኩ እንዲህ አደርግልሃለሁ» የሚል ውል ግን ባይገባ እመርጣለሁ፤ ውጤቱ ሲያንስ እግዚአብሔር የተወው ይመስለዋል።

በነህምያ 4፥9 ሕዝቡ ጸለዩ፤ ጠባቂም አቆሙ። የተማሪ ጥበቃ ጥናቱ ነው። መጽሐፉን ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል፤ ዓይን ገጹን ስለለመደው የተያዘ ይመስላል። ይዝጋውና የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ ያርም፤ ያንኑ ርእስ ከ1 ቀን፣ ከ3 ቀንና ከሳምንት በኋላ ይመለስበት። ቢያንስ ሁለት የቀድሞ ፈተናዎችን ሰዓት ቆጥሮ፣ ያለ ስልክ፣ ሳይነሣ ይጨርስ። ሲታረም የሳተበትን ምክንያት ይጻፍ፦ አላወቀውም? አሳስቶ አነበበው? ሰዓት አጠረው? የመጀመሪያው ጥናት፣ ሁለተኛው ዝግታ፣ ሦስተኛው ልምምድ ይፈልጋል።

በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ሞቱን እስኪለምን በዛለ ጊዜ መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም። አበላው፣ አጠጣው፣ ነቢዩም እንደገና ተኛ። በኮሬብ ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የተጠናው የሚጸናውም በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ በፈተናው ዋዜማ የአዳር ጸሎት ካለ እናንተ እደሩለት፣ እሱ ይተኛ። እንደ ቡናና ሻይ ያለ፣ ካፌይን (የሚያነቃ ንጥረ ነገር) ያለበትን መጠጥ ከቀትር በኋላ ይተው፤ 5 ሰዓት ያህል አልፎም ግማሹ ገና በሰውነት ውስጥ ነው።

አዳራሽ ገብቶ ልቡ ቢመታ አይደንግጥ። ሰውነት ለከባድ ሥራ ሲነሣ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፤ «ሰውነቴ ተዘጋጅቷል» ብሎ ይቀበለው። 4 እየቆጠረ አየር በአፍንጫው ያስገባ፣ 6 እየቆጠረ ያውጣ፤ ረጅሙ አወጣጥ የልብ ምትን ያዘገያል። ሲያስገባ «ስፈራ»፣ ሲያወጣ «በአንተ እታመናለሁ» እያለ የመዝሙር 56ን ጸሎት ለ2 ደቂቃ ይተንፍሰው። ይህን ግን ሳምንታት ቀድሞ ይለማመደው፤ በድንጋጤ መካከል አዲስ ነገር አይያዝም።

በ120 ደቂቃ 60 ጥያቄ ካለ ለአንዱ 2 ደቂቃ ነው፤ 30ኛው ደቂቃ ላይ 15ኛው አካባቢ መድረስ አለበት። የከበደውን ምልክት አድርጎ ይለፍ። ሲያልፍ መልስ መስጫው ላይም ያንን ረድፍ ይለፍ፤ አንዱን ረድፍ የሳተ የተቀረውን ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ያጠቁራል። በየ10 ጥያቄው ቁጥሮቹን ያመሳክር። ስህተት ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ባዶ አይተው፤ ደንቡን ግን ከፈተናው ቀን በፊት ይጠይቅ።

ወላጆች ሆይ፣ በር ላይ «እንዳታሳፍረን» አትበሉት። «ስትመለስ እንጠብቅሃለን» በሉት፤ ሲመለስም መጀመሪያ ምግብ ስጡት፣ ውጤት አትጠይቁ። እንቅልፍ አጥቶ ሳምንታት ካለፉ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው በተደጋጋሚ ከተሸበረ፣ መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ ደግሞ ፈተናው እስኪያልፍ አትጠብቁ። እየጸለያችሁለት የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።