ቁመታዊ ርክክብ ምንድን ነው?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ተቀምጦ በኢንተርኔት ከእናቱ ጋር የሚያወራ ሰው፣ ስልኩን ሳይዘጋ ሒሳቡን ከፍሎ ቢወጣና ወደ ሂርማታ የሚሄድ ባጃጅ ላይ ቢሳፈር፣ ከበሩ ጥቂት እርምጃ እንደራቀ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። «ሃሎ፣ እማዬ፣ ይሰማል?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ስልኩ የካፌውን ዋይፋይ ትቶ ወደ ሞባይል ዳታ እየተሻገረ ነው። በዓይነት በሚለያዩ ሁለት ገመድ አልባ ኔትወርኮች መካከል የሚደረገው ይህ ሽግግር ቁመታዊ ርክክብ፣ ባለሙያዎች በሚያዘወትሩት ስሙ ደግሞ ቨርቲካል ሃንድኦቨር ይባላል።

በአንድ ዓይነት ኔትወርክ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከማማ ወደ ማማ፣ የሚደረገው አግድም ርክክብ ከዚህ ይቀላል። ከመሀል ከተማ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሽቅብ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ከአንዱ የሞባይል ማማ ወደ ሌላው ቢተላለፍም ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ማማዎቹ የአንድ ኩባንያ ስለሆኑ ስልኩ የሚለካውን የሲግናል ጥንካሬ ተቀብሎ የመሻገሪያውን ሰዓት የሚወስነው ኔትወርኩ ራሱ ነው፤ የስልኩ የአይፒ አድራሻም፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ መረጃ የሚላክበት ቁጥር፣ እንዳለ ይቆያል። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው የካፌው ራውተር ግን ስለ ማማው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማማውም ስለ ራውተሩ እንዲሁ። ስለዚህ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በስልኩ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ብዙዎቻችን የመቋረጡን ጥፋት በሲግናል እናሳብባለን፤ በእኔ እይታ ግን ከባዱ ነገር አድራሻው ነው። ቲሲፒ የተባለው የተለመደው የኢንተርኔት ማጓጓዣ ሥርዓት አንድን ግንኙነት ለይቶ የሚያውቀው በሁለቱ ወገኖች የአይፒ አድራሻና የፖርት ቁጥር (በአንድ መሣሪያ ላይ ያሉ ግንኙነቶችን በሚለየው ቁጥር) ነው። ስልኩ ከዋይፋይ ሲወጣ አዲስ አይፒ ስለሚይዝ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር የቆየ ደንበኛውን እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል፤ እየወረደ የነበረው ፋይል ይቆማል፣ ጥሪውም አዲስ መንገድ እስኪያገኝ ዝም ይላል። ለዚህ ቀድሞ የታሰበው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ1996 ደረጃ የወጣለት ሞባይል አይፒ ሲሆን፣ አሠራሩ ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ጋር ይመሳሰላል፦ ሰውየው ቤት ቢቀያይርም ደብዳቤው የሚላክበት ቁጥር አይለወጥም፣ የተቀበለው ወኪል ወደ አዲሱ ማረፊያ ያስተላልፍለታል። ከዚያ በኋላ የመጣው መልቲፓዝ ቲሲፒ አንድ ግንኙነት ዋይፋዩንና ሞባይሉን ባንድ ጊዜ እንዲጠቀም ያደርጋል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሪ ለተባለችው የድምፅ ረዳቱ ሥራ ላይ አውሎታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ የወጣለት ክዊክ የተባለው ሌላ የማጓጓዣ ሥርዓት ደግሞ ለግንኙነቱ ከአይፒው የተለየ የራሱ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ አድራሻው ቢለወጥም ሰርቨሩ በቁጥሩ ያውቀዋል።

አድራሻው ቢፈታም መቼ ይሻገር የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ስልኩ ዋይፋዩን ቶሎ ቢለቅ በነጻ የተገኘውን ትቶ ጥቅሉን ይበላል፤ ቢዘገይ ደግሞ ዋይፋዩ ሞቶ፣ ዳታው ገና ሳይነሳ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። በበሩ ደፍ ላይ የቆመ ሰው ስልክ ደግሞ በየሰከንዱ ወዲያና ወዲህ ሊዋልል ይችላል። ይህን ለመከላከል ለመውጫና ለመመለሻ የተለያየ ወሰን ይበጃል፤ ለምሳሌ ሲግናሉ ከ-80 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ይበረታል) ሲወርድ የወጣ ስልክ ከ-70 በላይ ካልሆነ እንዳይመለስ፣ ያም ቢሆን ለጥቂት ሰከንድ ጸንቶ እስኪታይ እንዲጠብቅ ይደረጋል። የጅማ ዝናብ እዚህ አይከሰስም፤ ዋይፋይ የሚሠራባቸውን የ2.4 እና የ5 ጊጋሄርዝ ሞገዶች በካፌ ርቀት ከዝናብ ይልቅ ግድግዳ ያደክማቸዋል።

የሲግናል ምልክት ብቻውን ታማኝ ዳኛ አለመሆኑም አለ። ራውተሩ በባትሪ እየሠራ ከኋላው ያለው መስመር ቢቋረጥ፣ ዋይፋዩ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። አንድሮይድ ስልኮች ይህን የሚያጣሩት ለታወቀ ሰርቨር ትንሽ ጥያቄ ልከው የሚጠበቀው መልስ መምጣቱን በማየት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መብራት ሲጠፋ ነው። እየራቀ የሚሄድ ሰው ስልክ የሲግናሉን መዳከም አይቶ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ መብራቱ ጥፍት ሲል ግን ራውተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሞታል፣ ስልኩም የሞባይል ዳታውን ከባዶ ማስነሳት ይኖርበታል። ለዚህ ሲባል በአንድሮይድ የገንቢዎች ማስተካከያ ውስጥ ዋይፋይ እያለም ሞባይል ዳታን ዝግጁ አድርጎ የሚያቆይ ምርጫ አለ፤ ሽግግሩን ያፋጥናል፣ በምላሹ ባትሪውን ይበላል።