ቅኔ ቢጎድል ቀረርቶ ሙላበት

ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት ታዘዝን። መዝገበ ቃላት አገላብጬ የረዘመ ቃል ሁሉ ለቀምኩ። ውሻ ጮኸ ለማለት ብቻ ሦስት መስመር ፈጀሁ። መምህራችን በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ እኛም ከኋላቸው «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ወረቀቴ ሲመለስ ማርክ የለውም። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ተጽፎበታል፦ «ቅኔ ቢጎድል ቀረርቶ ሙላበት!»

ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

አባባሉ የሚጥመው ሁለቱን ለሚያውቅ ነው። ቅኔ ቤቱ (መስመሩ ማለት ነው) የተቆጠረ ነው፤ ጉባኤ ቃና 2፣ መወድስ 8። ሰሙ ከወርቁ መግጠም አለበት። አንድ ነገር ከጎደለ እዚያው ይታወቃል፤ የሚያዳምጡት ሊቃውንት ናቸውና። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ መጀመሪያ የግዕዝ ግስ ሲያወርድ የሚከርመው ለዚህ ነው። ቀረርቶ ሌላ ነው። ጉሮሮ ይፈልጋል፣ ወኔ ይፈልጋል፣ ሜዳ ይፈልጋል። እንግዲህ ቅኔው አልሞላ ያለው ሰው ማኅሌት መሀል ቆሞ ሲያቅራራ አስቡት። ቀረርቶ ተንቆ አይደለም (ጎጃም ላይ ማን ደፍሮ!)፤ ቦታው ስላልሆነ ነው። ቁም ነገር ያጠረው ሰው ወሬውን በጩኸትና በጌጥ ሲያሳብጥ ይህ ይተረትበታል። ደግሞ «ሙላበት» ሲል ምክር ይመስላል። አሽሙር ነው እንጂ። ተረቱ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው።

የኔታ በዚያ አልተዉኝም። ቢሮ ጠርተው የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» የተባለ ልብ ወለድ ሰጡኝ። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው። ለእኛም ሩቅ አይደለም። በወጣትነቱ፣ ግሽ ዓባይን አይቻለሁ ያለውን የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። በ1759 የወጣው የ«ራሴላስ» ባለታሪክም የሐበሻ ልዑል ነው።

ልዑሉ ደስታን ፍለጋ ሲዞር አንድ ፈላስፋ ያገኛል። «ደስታ እንደ ተፈጥሮ መኖር ነው» ይለዋል። እንዴት አድርጎ? ሲባል ፈላስፋው የምክንያትና የውጤት ዝምድና፣ ተገቢነት፣ ሥርዓት እያለ ቃል በቃል ላይ ይከምራል። ልዑሉ ሰውየው በተናገረ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ እንደሚጠፋበት ይገባዋል። እጅ ነስቶ ዝም ይላል። መዝገበ ቃላት ሠሪው ራሱ በትልልቅ ቃላት ሲያሾፍ ማየት እንዴት ደስ ይላል! እነዚያን ቃላት ዛሬም አልረሳኋቸውም፤ ፈላስፋው ሲያቅራራባቸው ሰምቻለሁና።

ቀጥሎ አየርላንዳዊው ጸሐፊ ጆናታን ስዊፍት መጣ። በ1729 የጻፈው ጽሑፍ ርዕሱ ላይ «ሞደስት» የሚል ቃል አለ። ትሑት ማለት እንደሆነ በቃሌ አውቀው ነበር። ውስጡ ስገባ ትሑቱ ሐሳብ የድሃ አይሪሽ ልጆች ለሀብታም ገበታ ይሸጡ የሚል ነው! ወርቁ በድሆች ላይ የሚጨክኑትን መግረፍ ነው። «ሞደስት» ሰም ሆና ያየኋት ያን ቀን ነው።

ድርሰቱን እንደገና ጻፍኩት። ውሻው በሁለት ቃል ጮኸ። የኔታ አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ቀረርቶው ወጥቷል» አሉ። «ቅኔውስ የታለ?»