የውጤት ተነጻጻሪነት ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ “ሲጂፒኤ (ከ4 የሚታሰብ የኮርሶች ሁሉ አማካይ ውጤት) 3.00 እና ከዚያ በላይ” የሚል መስፈርት ያለበት ማስታወቂያ ሳያጋጥመው አይቀርም። 2.94 ያለው ልጅ ይህን ካነበበ ማመልከቻውን እንኳ አያስገባም። መስፈርቱ ግን ሳይናገር የሚገምተው ነገር አለ፦ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ 3.00፣ ደንገጎን አልፎ ሐረማያ የተማረው ያመጣው 3.00 እና ቀን እየሠራ ማታ በግል ኮሌጅ የተማረው ያገኘው 3.00 እኩል ናቸው ብሎ ይነሣል። ተነጻጻሪነት ማለት ይህ ግምት እውነት ሆኖ ሲገኝ ነው። ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸው ሁለት ተማሪዎች የትም ይማሩ፣ ማንም ያርማቸው፣ ተቀራራቢ ውጤት ማግኘት አለባቸው።

ፍትሐዊነት ከዚህ ጋር ዝምድና ቢኖረውም ለየት ይላል። አንድ መምህር ዘመድ ሳይለይ፣ ስም ሳያይ፣ የክፍሉን ተማሪ ሁሉ በአንድ ዓይን ሊያርም ይችላል። በክፍሉ ውስጥ ፍትሕ አለ። ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር በሌላ ልክ ካረመ ግን የሁለቱ ክፍሎች ውጤት አይነጻጸርም፤ ማንም ሳያጠፋ ተማሪ ይጎዳል።

ሲጂፒኤ ራሱ እንዴት እንደሚሰላ ብዙ ቀጣሪ ልብ አይለውም። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ይይዛል፤ ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት ይባዛና ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ባለ 7 ክሬዲት ኮርስ ኤ፣ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሲ ያመጣች ተማሪ 3.40 ይሆንላታል። ጓደኛዋ እነዚያኑ ሁለት ፊደላት በተቃራኒው ካመጣ 2.60 ይሆንበታል። እስከዚህ ያለው ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ክርክር የለበትም። ክርክሩ ያለው ፊደሉ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ተማሪ ሁሉ ሴሚስተር ሲጀመር የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ “በፊክስድ ነው በከርቭ?” በከርቭ ከሆነ ፊደሉ የሚወሰነው ከክፍል ጓደኞችህ አንጻር ነው። 78 ያመጣች ልጅ ሰቃዮች በተሰበሰቡበት ክፍል ቢ ልታገኝ ትችላለች፤ ደከም ባለ ክፍል ግን ያው 78 ኤ ይሆናል። ሴክሽን የተመደበው በስም ፊደል ተራ ከሆነ ደግሞ ዕጣ ፈንታዋን የወሰነው የአባቷ ያወጡላት ስም ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ከርቭ ተማሪውን ከተማሪው ያቃቅራል፤ ማስታወሻ ያዋሰ ራሱን የጎዳ ይመስለዋል።

ፊክስድ ይህን ያስቀራል። የነጥቡ ወሰን አስቀድሞ ይታወቃል፤ የደረሰ ሁሉ ያገኛል። እኔም ከሁለቱ ፊክስድን እመርጣለሁ። ፊክስድ ግን ችግሩን አላጠፋውም፤ ከክፍሉ አንሥቶ ፈተናው ላይ አስቀመጠው እንጂ። አንዱ መምህር ፋይናሉን ከባድ አድርጎ ሲያወጣ፣ ሌላው የዓምናውን ጥያቄ ሲደግም 80 ነጥብ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ኩዊዝ፣ አሳይመንትና ሚድ የሚያዙበት የተከታታይ ምዘና ክፍልም ሰፊ ስለሆነ፣ ለቡድን ሥራ እጁ የሚፈታ መምህር ያለበት ክፍል ከፋይናል በፊት ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ታዲያ የጋራ መለኪያ የለም? በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የተጀመረው የመውጫ ፈተና አንድ ሙከራ ነው። በአንድ የትምህርት መስክ ያሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 በመቶ ብቻ አለፉ። ያላለፉትም ቢሆኑ በየተቋማቸው ኮርሱን እየጨረሱ የመጡ ነበሩ። ልዩነቱን በማስተማር ጥራት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ማታ የሚማር ሠራተኛና ግቢ የሚያድር ተማሪ እኩል የጥናት ሰዓት የላቸውም። ሆኖም የማለፊያ ፊደል በየቦታው አንድ ትርጉም እንዳልነበረው በግልጽ ታየ። ፈተናው የሚያሳየው ዝቅተኛውን ወለል እንደሆነም መረሳት የለበትም። ያለፈ ሁሉ አለፈ፤ የ3.20ን እና የ2.90ን ልዩነት ትክክለኛነት አይመሰክርም። በልብስ ስፌትም ሆነ በቀዶ ጥገና የእጅ ሥራን በምርጫ ጥያቄ መለካት እንደማይቻል ሁሉ፣ የላብራቶሪና የመስክ ችሎታም ከእሱ ውጭ ይቀራል።

ሌሎች አገሮችም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም። በእንግሊዝ አንደኛ ማዕረግ (ከፍተኛውን የዲግሪ ደረጃ) የሚያገኙ ተመራቂዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ከመቶ 16 ገደማ ነበሩ፤ በ10 ዓመት ውስጥ ከሦስት ተመራቂ ከአንድ በላይ ሆኑ። ይህ የሆነው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጥተው የውጤት አሰጣጡን የሚፈትሹ የውጭ ፈታኞች እያሉ ነው። በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የመረጠው መንገድ የበለጠ ይማርከኛል፦ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከተማሪው ፊደል ጎን የክፍሉ መካከለኛ ውጤትና የተማሪው ብዛት ይጻፋል። በአውሮፓም ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱ ውጤት ለምን ያህል በመቶ ተማሪ እንደተሰጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ እንዲያያይዙ ይመከራሉ።

ይህ እኛ ዘንድ ውድ አይደለም። ቁጥሩ ሬጅስትራር ቤት አለ። ከቢ ጎን “የክፍሉ መካከለኛ፦ ሲ፣ 54 ተማሪ” ተብሎ ቢጻፍ፣ ጠንካራ መምህር ያጋጠማት ልጅ የሚከራከርላት ወረቀት በእጇ ይኖራል። የሁለት ሴክሽን መምህራን አንድ ፋይናል አብረው ቢያወጡና የመልስ ወረቀቱን በስም ፈንታ በኮድ ቢለዋወጡ ደግሞ ግማሹ ልዩነት ከምንጩ ይደርቃል።

ቀጣሪውም እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። የመመረቂያው ዝቅተኛ ውጤት 2.00 ነው፤ የመውጫ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ማመልከት ይችላል ብሎ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ የሚመጡትን አንድ ጠዋት ሰብስቦ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሒሳብ መዝገብ እንዲያስታርቁ ቢሰጣቸው፣ ያ 2.94 ያለው ልጅም ወንበር ያገኛል።