ክሮስቦው ላይ የተጻፈው «80 ፓውንድ» ምንድን ነው?

ክሮስቦው ማለት አግዳሚ ላይ ተገጥሞ እንደ ጠመንጃ በምላጭ የሚተኮስ ቀስት ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የኔ ትንሿ ክሮስቦው 80 ፓውንድ ናት፣ ያንተ ረጅም ቀስት 50 ብቻ ነው፣ ስለዚህ የኔ ትበልጣለች» አለኝ። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

ወንድሜ፣ ፓውንዱ የሚነግርህ አውታሩን ስበህ መያዣው ላይ ስታደርስ፣ መጨረሻ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድህ ብቻ ነው። ፍላጻው በምን ያህል ጉልበት እንደሚወጣ ለማወቅ ሌላ ቁጥር ያስፈልግሃል፤ አውታሩ ፍላጻውን እየገፋ የሚጓዘው ርቀት።

መንገድ ላይ የቆመ ሚኒባስ አስብ። ጡንቸኛው ሁለት እርምጃ ገፍቶ ቢተወው አይነሳም። ቀጭኑ ረዳት ግን ሳያቋርጥ ስድስት እርምጃ ከገፋው ሊነሳ ይችላል።

እስቲ እናስላው። 80 ፓውንድ ወደ 36 ኪሎ ነው። በትንሿ ክሮስቦው አውታሩ 16 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል እንበል። ክብደቱ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ስለሚጨምር ኪሎውን በ9.8 እና በሜትር በተለካው ርቀት አባዛና ግማሹን ያዝ፤ 28 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል። 50 ፓውንዱ ቀስት 23 ኪሎ ነው፣ ግን ግማሽ ሜትር ይገፋል። 56 ጁል ገደማ። እጥፍ! (እርግጥ የቀስቱ ክንዶች፣ ማለትም አውታሩ ሲሳብ የሚታጠፉት ሁለት ጎኖች፣ ራሳቸውን ለማንቀሳቀስ የሚበሉት ስላለ ፍላጻው ላይ የሚደርሰው ከዚህ ያንሳል። ባለ መዘውሩ ክሮስቦው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው፣ እሱን እዚህ አታምጡብኝ።) በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ አውታራቸውን ለመሳብ ከ500 ኪሎ በላይ የሚከብዱ የብረት ክሮስቦዎች ነበሩ፤ በእጅ ስለማይሞከሩ በማሽን ነበር የሚስቧቸው። አውታራቸው የሚጓዘው ግን ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም።

ከዚህ የባሰ የሚያናድዱኝ ግን «ፓውንዱ ይጨምር» ብለው አውታሩን ጠምዝዘው የሚያሳጥሩት ናቸው። አዎ፣ ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ክንዶቹ ገና ሳይሳቡ ታጥፈው ይውላሉ፣ መግፊያው መንገድም ያጥራል። ሚኒባሱን ከሦስተኛው እርምጃ ጀምሮ እንደ መግፋት ማለት ነው።

ፍላጻ ሳያስገቡ ምላጭ መሳብማ፣ ሚኒባሱ ድንገት አምልጦት ሲሄድ ገፊው በአፍጢሙ እንደሚደፋው ነው። ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ክንዶቹ ላይ ይመለሳል፣ ይሰነጥቃቸዋል። ከልኩ በታች የቀለለ ፍላጻም የዚያ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሚኒባስ ለመግፋት ተዘጋጅቶ ባጃጅ መግፋት።

ከነካካሁት አይቀር፣ አውታር ስትቀይሩ ክንዱን በጉልበታችሁ አታጥፉት፤ ረዘም ባለ ረዳት ገመድ መጀመሪያ አጉብጡት፣ ከዚያ አዲሱን አግቡ። ስትተኩሱ አውራ ጣታችሁ አውታሩ የሚያልፍበት ላይ እንዳይሆን። አውታሩ ፀጉር ማብቀል ሲጀምር ሰም ቀቡት፣ መሃል ላይ የተጠመጠመውን ክር ግን ሰም አታስነኩት። አንድ ክር ከተበጠሰ አትቋጥሩት፣ ሙሉውን ቀይሩት።